የሰርቨር ዲስክ አጠቃቀም ክትትል፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ

ተገልጋዮች በኢንተርኔት የሚያቀርቡት ማመልከቻና የሚያያይዙት ሰነድ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል አገልጋይ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ሰርቨሩ አዲስ መረጃ መመዝገብ ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ድረ ገጹ እንደወትሮው ተከፍቶ እየታየ፣ ማመልከቻው ግን ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን ላቀረበ ተገልጋይ ይህ ዕድሉን ሊያሳጣው የሚችል ችግር በመሆኑ፣ የዲስክ አጠቃቀም ክትትል የአገልግሎት አሰጣጥ አንድ አካል ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ዲስክ የሚሞላባቸው ምክንያቶች

ከተገልጋዮች ሰነዶች በተጨማሪ ሰርቨሩ ተግባራቱን የሚመዘግብባቸው የክንውን መዝገቦች፣ ያልተወገዱ ጊዜያዊ ፋይሎችና በዚያው ዲስክ ላይ የተከማቹ መጠባበቂያ ቅጂዎች ቦታ ይይዛሉ። ስህተት የሚደጋግም አንድ ፕሮግራም እንኳ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ የበዛ የክንውን መዝገብ ሊጽፍ ይችላል።

ክትትሉ የሚከናወንበት መንገድ

እንደ ዛቢክስ፣ ናጊዮስና ፕሮሚቲየስ ያሉ የክትትል ሶፍትዌሮች የዲስኩን ይዘት በየተወሰነ ጊዜ እየለኩ፣ አስቀድሞ ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ለባለሙያዎች መልእክት ይልካሉ። በብዙ ተቋማት ዲስኩ 80 በመቶ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ፣ 90 በመቶ ሲሞላ ደግሞ አስቸኳይ ጥሪ እንዲተላለፍ ይደረጋል።

ይሁንና የመቶኛ ስሌት ብቻውን በቂ አይደለም። ለምሳሌ 500 ጊጋባይት ከሚይዝ ዲስክ 400 ጊጋባይቱ ቢሞላ ቀሪው 100 ጊጋባይት ነው። በቀን 5 ጊጋባይት የሚጨምር ከሆነ 20 ቀናት፣ በቀን 25 ጊጋባይት የሚጨምር ከሆነ ግን 4 ቀናት ብቻ ይቀራሉ። ስለሆነም የዕድገቱ ፍጥነትም አብሮ ሊለካ ይገባል። በተጨማሪም በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የፋይሎች ብዛት የራሱ ገደብ ስላለው፣ ባዶ ቦታ እያለም አዲስ ፋይል መፍጠር የማይቻልበት ሁኔታ ይኖራል።

የክትትል ሶፍትዌሩ አስተዳደር

ሶፍትዌሩ ራሱም መረጃ የሚያከማች በመሆኑ የመረጃው ማቆያ ጊዜ መወሰን አለበት። ከሚከታተለው ሰርቨር ውጪ መትከልም ይመረጣል፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ ሲቆም ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይቆማል። ማስጠንቀቂያው ከአንድ በላይ ለሆኑ ባለሙያዎች እንዲደርስ ማድረግና በትክክል መድረሱንም በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልጋል።

ቦታ ለማስለቀቅ በሚደረግ ጥረት የተገልጋዮች ሰነዶች በችኮላ ሊሰረዙ አይገባም። በቅድሚያ የትኛው ማውጫ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ተለይቶ፣ የቆዩ የክንውን መዝገቦች ወደ ሌላ ማከማቻ ይዛወራሉ ወይም ይጨመቃሉ። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እየተጠቀመበት ያለ ፋይል ቢሰረዝም፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን እስኪዘጋው ድረስ ቦታው እንደማይለቀቅ ማስታወስ ይገባል።

ለተገልጋዮች የሚሰጥ ምክር

1. ማመልከቻ ካቀረቡ በኋላ የመመዝገቢያ ቁጥር ወይም የማረጋገጫ መልእክት ሳይደርስዎ ሂደቱ ተጠናቋል ብለው አይውሰዱ።
2. የስህተት መልእክት ከታየዎ መልእክቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው፣ ከተቻለም የስክሪኑን ምስል አስቀርተው ለተቋሙ ያሳውቁ፤ ይህ ባለሙያዎች ችግሩን በፍጥነት እንዲለዩ ከማገዙም በላይ በጊዜው ለማመልከት መሞከርዎን ለማስረዳት ይረዳል።
3. መመዝገቡን ሳያጣሩ ያንኑ ሰነድ ደጋግመው አይላኩ፤ ድግግሞሹ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል፣ የማጣራት ሥራንም ያበዛል።
4. ሰነድዎን ተቋሙ በፈቀደው የፋይል ዓይነትና መጠን ያዘጋጁ።
5. የዋናውን ሰነድ ቅጂ ምንጊዜም በእጅዎ ያቆዩ።
6. የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ አስቀድመው ያመልክቱ፤ ችግር ቢያጋጥም ለማስተካከል በቂ ጊዜ ይኖርዎታል።