የጤና ተማሪ የተግባር ልምምድ ቦታ ሲመርጥ

የልምምድ ቦታ የሚያፈላልግ የጤና ተማሪ ከተቋሙ ስም ይልቅ እዚያ የሚታከመውን በሽታ ቢያስቀድም ይበጀዋል። ለአብነት ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት በመፋዛ በኩል የሚያልፈው የራሃድ ወንዝ ዳርቻ ካላዛር የሚገኝበት አካባቢ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችም ይያዛሉ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ካልታከመ ይገድላል፤ ትኩሳቱና የጣፊያው ማበጥ ግን ወባ ሊያስመስለው ስለሚችል መለየቱ ልምድ ይጠይቃል።

በአውሮፓውያኑ 1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተለያየ ሙያ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ማዕከል ስላለ፣ ተማሪው ድንበር መሻገር አያስፈልገውም። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ከማስጻፉ በፊት ግን በየቀኑ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ከሕሙማን ጋር ይውል ወይም መዝገብ ሲገለብጥ ይከርም እንደሆነ መጠየቅ አለበት።