በቆርቆሮ እንቁራሪት የተቋረጠው ኮንሰርት

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 17 ቀን 1969፣ ሰኞ ነበር። አምስተርዳም በሚገኘው ኮንሰርትኸባው በተባለው ስመ ጥር አዳራሽ ታዳሚው ቦታ ቦታውን ይዟል፤ መሪው በርናርድ ሃይቲንክ ከኦርኬስትራው ፊት ቆሟል። የምሽቱ ዝግጅት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ኳንትዝ የደረሰውን የፍሉት ኮንቸርቶም ይዟል። ድንገት ከወንበሮቹ መካከል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተነሣ። ልጆች በአውራ ጣታቸው እየጫኑ የሚጫወቱባት የቆርቆሮ እንቁራሪት ናት። አንዷ ስትጮህ ሌላዋ ትቀበላለች። ወረቀት ተበተነ። ሙዚቃው ቆመ፣ ታዳሚው በቁጣ ተነሣ፣ ረባሾቹም እየተጎተቱ ወጡ።

ከረባሾቹ አንዱ የ30 ዓመቱ ሉዊ አንድሪሰን ነበር። ትልቁ የሙዚቃ ሥራው «ደ ስታት» በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰማ 50 ዓመት እየሞላው ስለሆነ ብዙዎች ስለዚያ ሥራ ይጽፋሉ። እኔን ግን እንቁራሪቷ አልለቀቀችኝም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

አንድሪሰን ከበር ውጭ የቀረ ሰው አልነበረም። በ1939 ኡትሬክት ከተማ ሲወለድ አባቱ ሄንድሪክ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲና ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ ወንድሙ ዩሪያንም ደራሲ ነበር። ዘ ሄግ በሚገኘው ንጉሣዊ ኮንሰርቫቶሪ ተማረ፤ ቀጥሎም ሚላኖና በርሊን ከጣሊያናዊው ሉቻኖ ቤርዮ ዘንድ ተምሮ ተመለሰ። ወግ ያለው ሙዚቃ ቤቱ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን አስቆጣው? ነገሩ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በ1966 አንድሪሰን፣ ራይንበርት ደ ሌው፣ ሚሻ ሜንገልበርግ፣ ፒተር ስካትና ያን ቫን ፍላይመን የተባሉ አምስት ወጣት ደራሲዎች ኦርኬስትራው በሕይወት ያሉ ሰዎችን ሥራ እንዲያቀርብ፣ ለዚህም ጣሊያናዊው ብሩኖ ማዴርና ከሃይቲንክ ጎን እንዲቀጠር ጠየቁ። ጥያቄው ሰሚ አላገኘም። በ1969 አምስቱም ስለ ቼ ጉቬራ «ሬኮንስትሩክሲ» የተባለ ኦፔራ በጋራ ሠርተው ሀገሩን አነጋገሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እንቁራሪቶቹን ኪሳቸው ከትተው ወደ ኮንሰርትኸባው ሄዱ። የፈለጉትም ስለ ኦርኬስትራው የዝግጅት ምርጫ በሕዝብ ፊት ክርክር እንዲደረግ ነበር። ራሳቸውን «ኖተንክራከርስ» አሉ። በደችኛ ለውዝም ኖታም አንድ ቃል ነውና፣ ስሙ ለውዝ ሰባሪም ኖታ ሰባሪም ይሆናል።

እስካሁን የሚያከራክረው ውጤቱ ነው። አንዱ ወገን ጩኸቱ ምንም አላመጣም ይላል፦ ማዴርና አልተቀጠረም፣ ሃይቲንክ ቦታው ላይ ቆየ፣ የተጎዱት ሥራቸውን ይሠሩ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው። ሌላው ወገን የዛሬው የኔዘርላንድ አዲስ ሙዚቃ የተወለደው ያን ምሽት ነው ይላል። ለሃይቲንክ ማዘኔን አልደብቅም፤ በ40 ዓመቱ፣ በሥራው መሃል፣ በልጆች መጫወቻ መዋረድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ሳየው ልቤ ወደ ሁለተኛው ወገን ያደላል። ጩኸቱ ኮንሰርትኸባውን አልለወጠም፤ የለወጠው ጯሂዎቹን ነው። በሩ እንደማይከፈት ስላወቁ የራሳቸውን ቤት መሥራት ጀመሩ።

በ1972 አንድሪሰን ከሳክስፎን ተጫዋቹ ቪለም ብሮይከር ጋር «ደ ፎልሃርዲንግ» የተባለ ባንድ አቋቋመ፤ ትርጉሙ ጽናት ማለት ነው። ሦስት ሳክስፎን፣ ሦስት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦንና አንድ ፒያኖ፤ ፒያኖው ላይ ራሱ አንድሪሰን። ቫዮሊን የለም። ከጃዝ የመጡና ኮንሰርቫቶሪ የተማሩ ጎን ለጎን ቆመው በሰልፍና በአደባባይ ሳይቀር ይጫወቱ ነበር። በ1974 ደግሞ ደ ሌው ከዘ ሄግ ተማሪዎች ጋር የሾንበርግ አንሳምብልን መሠረተ። አንድሪሰን ለተለመደው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መጻፍ አቆመ። ለእሱ የኦርኬስትራው አደረጃጀት ራሱ የበላይና የበታች ያለበት ሥርዓት ነበር።

«ደ ስታት» የመጣው ከዚህ ነው። አራት ሴቶች ከአፍላጦን «ፖለቴያ» የተወሰደ ቃል በጥንታዊ ግሪክኛ ይዘምራሉ፤ በዙሪያቸው ኦቦ፣ ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦንና ቪዮላ አራት አራት እየሆኑ፣ ሁለት ሃርፕ፣ ሁለት ፒያኖ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ ጊታር ይቆማሉ። አፍላጦን የዜማ ስልት ሲለወጥ የሀገር ሕግ ይናጋል ብሎ ያስጠነቅቃል። አንድሪሰን በዚህ አይስማማም፤ ግን ፈላስፋው እውነቱን በሆነ ብሎ ይመኛል። ከኮንሰርትኸባው ተጎትቶ የወጣ ሰው ምኞት እንደሆነ ይሰማኛል።

በዚያው ዓመት የሠራው «ሆኬቱስ» ለእኛ ጆሮ የሚቀርብ ይመስለኛል። አምስት አምስት ሆነው ትይዩ የቆሙ ሁለት ቡድኖች አንዱ በተወው ቅጽበት ሌላው እየገባ፣ አንዱን ዜማ ለሁለት ይከፍሉታል። እምቢልታ ሲነፋ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ እያንዳንዱ ነፊ የያዘው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማው የሚገኘው ተራቸውን ጠብቀው ሲገጣጠሙ ነው። አውሮፓም ይህን ስልት በመካከለኛው ዘመን ታውቀው ነበር፤ አንድሪሰን ከዚያ አንሥቶ በኤሌክትሪክ ኃይል አስጮኸው።

ከዚያ በኋላ ዝናው ከኔዘርላንድ አልፎ ሄደ። በ1989 «ደ ማቴሪ» በሮበርት ዊልሰን አዘጋጅነት አምስተርዳም ታየ፤ መግቢያው ያው አንድ አኮርድ 144 ጊዜ የሚቀጠቀጥበት ነው፣ የመርከብ ሠሪ መዶሻ ይመስላል። ከፊልም ሠሪው ፒተር ግሪናዌይ ጋር ሁለት ኦፔራ ሠራ። በ2011 «ላ ኮሜዲያ» የግራውሜየርን ሽልማት አስገኘለት።

በ2013 የኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ ሥራ እንዲጽፍለት የጠየቀው አንድሪሰንን ነበር። የ74 ዓመቱ ሰው «ሚስቴሪየን»ን ጻፈ፤ ማሪስ ያንሶንስ እየመራው በዚያው አዳራሽ ተሰማ። አንድሪሰን በጁላይ 2021 በ82 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሃይቲንክም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተከተለው።

በ1975 የጻፈው «ወርከርስ ዩኒየን» ዛሬም በተማሪዎች እጅ ነው። ኖታው ምቱን በትክክል ያዝዛል፣ የድምፁን ከፍታ ግን መውጣት መውረዱን ብቻ ያሳያል፤ መሣሪያውም ጩኸት ያለው ይሁን እንጂ ማንኛውም ይሆናል። አዲስ አበባ የሚማሩ ልጆች መለከት፣ እምቢልታና ነጋሪት ይዘው ቢገቡበት ኖታው አይከለክላቸውም። ያን ቀን ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ መስማት እፈልጋለሁ።