ለአንዲት ነጥብ
ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር እንቅልፍ የነሳኝ ማርክ ነበር። «መምህር፣ አንድ ነጥብ ብቻ ይጨምሩልኝ!» የ84 እና የ85 ልዩነት ምንድን ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም አላውቀውም ነበር።

የቪዲዮ ጌም ሃያስያንን ታሪክ ሳነብ ያው ጥያቄ ጠበቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የጃፓኑ «ፋሚትሱ» መጽሔት አራት ሃያስያን ያስቀምጣል፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ40 ነው። 40 ከ40 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1998 ነበር። እዚያ ቢያንስ ማን ምን እንደሰጠ ይታያል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ሜታክሪቲክ ግን የብዙ ሃያስያንን ውጤት ደባልቆ ከ100 አንድ ቁጥር ያወጣል። የፊደል ማርክም ይመነዝራል፤ «ሲ» 50 ትሆናለች። ለየትኛው ሃያሲ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ግን አይናገርም።

በ2010 «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ወጣ። ጨዋታውን የሠራው ኦብሲዲያን ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም፤ ቦነስ የሚያገኘው ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካመጣ ብቻ ነበር። ያመጣው 84! ጉዳዩን በ2012 በአደባባይ የተናገረው ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ክሪስ አቬሎን ነው።

በሃያስያኑ አልፈርድም። ጨዋታው እንከን ነበረበት፣ እንከኑን ጻፉ። ቁጥሩን የሰው እንጀራ ያደረገው ውሉ ነው። እኔ ግን ያቺ ነጥብ የለመነችኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። አልጨመርኩላትም።