የጎንደር ነባር የንግድ ሰፈር
አዲስ ዓለም በጎንደር ከተማ የሚገኝ ነባር የነጋዴዎች ሰፈር ነው። ቀድሞ እስላም ቤት ይባል ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከታዘዘ በኋላ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ሆነ። በእግር ለመጎብኘት ከፋሲል ግቢ አጠገብ ካለው ጃንተከል ዋርካ መነሣትና ቅዳሜ ገበያንም አብሮ ማየት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ባንክ አልነበረም። መገበያያው ከአፋር ጨዋማ ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር፤ በኋላም የማርያ ቴሬዛ ብር ተጨመረ። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። የነጋዴዎቹ አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር።

ከጎንደር ወደ ምፅዋ የሚሄደው ሲራራ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ አድዋ ያመራ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የነጋዴዎቹ ሰፈር አልተካተተም። ስለዚህ ግንቦቹን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ የከተማዋን የንግድ ታሪክ ሳያውቀው ያልፋል።