የስንዴ ዘርና የዋግ ታሪክ በአርሲና በባሌ

የእርሻ ዕድገት ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ አቅጣጫው አንድ ብቻ ነው። ገበሬው ከአባቶቹ የወረሰውን ዘር ይዞ ይጀምራል፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲደርሱት ምርቱ ይጨምራል፤ ትረካውም በዚሁ ያበቃል። በአርሲና በባሌ የስንዴ እርሻ ላይ የደረሰው ሁኔታ ግን በዚህ መልክ ተጠቃሎ የሚነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእህል ናሙናዎችን ሲሰበስብ በስንዴና በገብስ ማሳዎች ላይ ያየው የዓይነት ብዛት እጅግ አስደንቆታል። አገሪቱንም በዓለም ላይ ካሉት ጥቂት የሰብል ዝርያ መገኛዎች መካከል መደባት። በዚያን ጊዜ አንድ የስንዴ ማሳ ብዙ ዓይነት ዘር የተቀላቀለበት ነበር፤ ረጅሙ ከአጭሩ፣ ነጩ ከጥቁሩ ጋር አብሮ ይበቅላል። በትግራይና በኤርትራ ደግሞ ገብስና ስንዴ በአንድነት ተዘርቶ ሐንፈጽ የሚባል እህል እስካሁንም ይመረታል። በሽታ ቢገባ አንዱ ሲጠቃ ሌላው ይተርፋል፤ ዝናብ ቢያጥር ቀድሞ የሚደርሰው ለቤተሰቡ ይደርስለታል። ይህ ጥበብ የራሱ ጉድለት ነበረው፤ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው አማካይ የስንዴ ምርት ከ10 ኩንታል ብዙም የራቀ አልነበረም።

በ1967 ካዱ በመባል የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ ሥራውን ጀመረ። የተሻሻለ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ብድር በአንድነት ለገበሬው እንዲደርሱ በመደረጉ ምርት በአጭር ጊዜ አደገ። ይኸው ዕድገት ያልታሰበ ውጤትም አስከተለ። ስንዴ አትራፊ መሆኑን የተረዱ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማፈናቀል ጀመሩ። የዘር ለውጥ የማኅበራዊ ኑሮ ለውጥ ጭምር መሆኑን ለማስረዳት መምህራን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አያገኙም። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ባለርስቱ ቢቀርም፣ አንድ ወጥ ዘር በሰፊ መሬት ላይ የመዝራት ልማድ በመንግሥት እርሻዎች ይበልጥ ሰፋ።

ዋግ መከራውን የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ፣ ጠባዩን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ የፈንገስ በሽታ ነው። አንድ የስንዴ ዝርያ በሽታውን የሚቋቋመው በአንድ ወይም በሁለት ጠንካራ የዘር ባሕርይ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ባሕርይ የሚያሸንፍ የዋግ ዓይነት በተፈጠረ ቀን ዝርያው የተዘራበት አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጋለጣል። በባሌ የበልግና የመኸር እርሻ ስለሚፈራረቁ አረንጓዴ ስንዴ ከማሳ የማይታጣባቸው ወራት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በሽታው የሚያድርበት አያጣም።

ዳሸን የተባለው ዝርያ በ1988 በቢጫ ዋግ ተመታ። እንኮይ በ1993 እና በ1994 በግንድ ዋግ ወደቀ። በ1990ዎቹ ተለቅቆ ለብዙ ዓመታት የገበሬው ተወዳጅ የነበረው ኩብሳ በ2010 በተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ክፉኛ ተጠቃ። ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ዲገሉ የተባለ ዝርያ ስለነበር ገበሬው በኩብሳ ምትክ እርሱን በብዛት ዘራ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013 መጨረሻ፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲገሉን አጠፋ፤ ከአንዳንድ ማሳ የተሰበሰበ ፍሬ አልነበረም። ገበሬው የተመከረውን አድርጎ ነበር። ጥፋቱን በቸልተኝነቱ ለማመካኘት የሚቃጣው ካለ ይህን ቅደም ተከተል ደግሞ ሊያነበው ይገባል።

አዲስ ዝርያ የሚፈጥሩት ሊቃውንት በሽታን የሚቋቋም ባሕርይ ፍለጋ የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ ወደ አሮጌው የአገር ዘር ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ የገብስ እርሻ ከቫይረስ በሽታ የዳነው ከኢትዮጵያ ገብስ በተወሰደ ባሕርይ ነው። ይህ ሀብት እንዳይጠፋ በ1976 በጀርመን እርዳታ የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ እንደማይጠበቅ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር፤ ለዚህም ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ዘር በተሰበሰበበት ቀን እንደነበረ ይቆያል፤ በገበሬው ማሳ ያለው ግን ከበሽታውና ከአየሩ ጋር አብሮ ይለወጣል። በእጀሬና በጨፌ ዶንሳ የተቋቋሙት የገበሬዎች የዘር ባንኮች የዚህ አስተሳሰብ ፍሬዎች ናቸው።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ክርክር አራምዶታል። በትግራይ በሀገረ ሰላም፣ በአማራ ክልል ደግሞ በገረገራ 60 ያህል ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች 400 የስንዴ ዓይነቶችን በማሳ ላይ እየተመለከቱ ነጥብ ሰጡ። ከነባሮቹ ዘሮች አንዳንዶቹ ከተሻሻሉት ልቀው መገኘታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የገበሬው ዓይን ከተመራማሪው መለኪያ ጋር ተቀናጅቶ ለምርምር ሊያገለግል መቻሉም ታወቀ።

የዕቅድ ባለሙያዎች በበኩላቸው የሚያነሡት መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የአገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ የስንዴም አማካይ ምርት በሄክታር ወደ 30 ኩንታል የተጠጋው በተሻሻለ ዘርና በማዳበሪያ ነው። ከተሞችን በሐንፈጽ ብቻ መመገብ አይቻልም። ይሁንና በቅርብ ዓመታት በቆላ አካባቢዎች የተስፋፋው የበጋ መስኖ ስንዴ ለዋግ ሌላ ተጨማሪ ወቅት የሚከፍት በመሆኑ፣ በአንድ ወረዳ ስንት ዓይነት ዝርያ መዘራት እንዳለበት ዛሬ የሚጠየቀው በ1967 በጭላሎ ከተጠየቀው ይልቅ በብርቱ ነው።