ከዓረፋ ማግስት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ዓረፋ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና አገሩን ይሞላዋል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ለእርዱ ተዘጋጅቶ፣ ለእናቱ ልብስ ይዞ ይገባል። በዓሉ አልፎ ሲመለስ ግን መኪናው ከመጣው ሰው በላይ ይጭናል። አጎቱን ተከትሎ የሚሄድ ልጅ አይጠፋምና። እኛ የቁርአን አስተማሪዎች ይህን የምናውቀው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሚቀረው ለውሕ ነው።

«ልጄን ልስደደው ወይስ ይቆይ?» የሚል ወላጅ ሲመጣ ለመመለስ ያስቸግራል። እስቲ ታሪኩን እንመልከት።

ጉራጌ ከአገሩ የወጣው አገሩን ጠልቶ አይደለም። የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ ሕዝቡ ገባር ሆነ፤ ግብሩም ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። እንሰት ቤተሰብን ያጠግባል እንጂ ገንዘብ አያመጣም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በበኩሏ የሚቆፍር፣ የሚሸከም፣ ቤት የሚሠራ ክንድ ትፈልግ ነበር። የቀን ሠራተኛው ቀስ በቀስ ቸርቻሪ፣ ቸርቻሪውም ባለ ሱቅ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲመሠረት፣ የአንዋር መስጊድም በዚያው ሲሠራ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ ንግዱንና ሶላቱን በአንድ ሰፈር አገኘ።

ትርፉ የከተማው ሰው ብቻ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ዛሬ ዓረፋን ለማክበር የምንመላለስበት መንገድ የዚያ መዋጮ ዕዳ አለበት።

ኪሳራውን የተሸከመችው ግን ማን ናት? እንሰት ለፍቂያ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በመካከሉም ደጋግሞ ተነቅሎ ይተከላል። ቁፋሮውና ተከላው የወንድ፣ ፍቂያው የሴት ሥራ ነው። ወንዱ መርካቶ ሲቀር ሚስት ቆፋሪ ትለምናለች፤ ደቦ ትጠራለች። ባል በዓመት አንዴ መጥቶ «ጓሮው ለምን ሳሳ?» ማለቱ ግፍ ነው።

ወደ ሂጅራ እንመለስ። ሶሃባዎች እ.ኤ.አ. በ622 መዲና ሲገቡ ትኩሳት ያዛቸው። የአገራችን ልጅ ቢላልም (ረ.ዐ.) የመካን ሸለቆ እየናፈቀ ያንጎራጉር ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ናፍቆቱን አልነቀፉም፤ መዲናን እንደ መካ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው አላህን ለመኑ እንጂ። የመዲናው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለስደተኛው ለዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ የሀብቱን ግማሽ ልስጥህ ሲለው፣ ዐብዱራሕማን መርቆት ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ። የጀመረውም በአይብና በቅቤ ንግድ ነው። (ይህን ስናስተምር የቡታጅራ ልጆች ይስቃሉ፤ የእናታቸው ንግድ ነውና!)

ነገር ግን ዐብዱራሕማን የበሰለ ሰው፣ ሃይማኖቱን የያዘ፣ ንግድ የሚያውቅ ነበር። የተቀበለውም ሀብቱን እኩል ሊያካፍል የተዘጋጀ ወንድም ነው። ጁዝ ዐማን ያልጨረሰ የአሥር ዓመት ልጅ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ሲወጣ ሰዕዱ ማን ነው? አንዳንዱ አጎት በእውነት አባት ይሆናል፤ ያስተምረዋል፤ እቁብ ያስገባዋል። አንዳንዱ ደግሞ የዕለት ገቢውን ተቀብሎ መኝታ ብቻ ይሰጠዋል። ስለዚህ ከከተማው በፊት ተቀባዩን መርምሩ እላለሁ። ለጎለመሰው ወልቂጤና ቡታጅራ ራሳቸው ከተማ ሆነዋል፤ ገቢው ከመርካቶ ቢያንስም በሳምንቱ መጨረሻ ቤቱ ደርሶ እንሰቱን ያያል።

ይህን ለአንዲት እናት ነግሬ ነበር። አዳመጠችኝና፣ «ሸህ፣ ቁርአኑን ያኽትም ማለትዎ ደግ ነው፤ እስኪያኸትም ድረስ ግን መሬቱ ለሦስት ወንድማማች አይበቃም» አለችኝ። ትልቁ ሄደ። ታናናሾቹ እኔ ዘንድ ይቀራሉ፤ የእሱን ለውሕ ተራ በተራ ይጽፉበታል።