የሊፍቱ ሰውዬ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ሴንተር ገብታችሁ ወደ ላይ መውጣት ብትፈልጉ፣ የሊፍቱን በር ከፍቶ «ስንተኛ ፎቅ?» የሚላችሁ ስልሳዎቹን የጀመረ ጥቁር ሰውዬ ሊሆን ይችል ነበር። ያኔ ሊፍት ሠራተኛ ነበረው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሰው ያወጣል፣ ሰው ያወርዳል። ዲሴምበር 22 ቀን 1959 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚያው ስቱዲዮ ያለው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን «ቱዴይ» በሚባለው የጠዋት ፕሮግራሙ አቀረበው። የመጣው የሊፍት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው። ዐሥራ አምስት ሜዳሊያ አለው። ሁሉም የፈረንሳይ ናቸው፣ አንድም የአሜሪካ የለበትም።

ስሙ ዩጂን ቡላርድ ይባላል። በጦር አውሮፕላን ሰማይ ላይ የተዋጋ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

ስለ ተዋጊ አብራሪዎች ማንበብ እወዳለሁ። እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ስናነብ ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው «ስንት ጣለ?» ብለን ነው። በዚህ ሚዛን ቡላርድ ገጽ አይሞላም። ለግዳጅ የተነሳው ሃያ ጊዜ ገደማ ነው። ሁለት የጀርመን አውሮፕላን ጥያለሁ ይላል፤ በይፋ የተመዘገበለት ግን አንድም የለም። የውጊያ በረራው ሴፕቴምበር 1917 ተጀምሮ ኖቬምበር ላይ አልቋል። እኔን የያዘኝ ግን ይሄው ነው። ስልሳ ስድስት ዓመት የኖረ፣ መብረር የሚችልና የሚፈልግ ሰው ሰማይ ላይ የቆየው ለሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ማነው ያወረደው?

የተወለደው በ1895 ኮለምበስ፣ ጆርጂያ ነው። ያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ነጮች ተሰብስበው ያለ ፍርድ ጥቁር የሚሰቅሉበት ዘመን ነበር። አባቱ ከሚሠራበት ቦታ ነጭ አለቃ ጋር ተጣልቶ በሌሊት የሰው መንጋ ቤታቸው ድረስ መጥቶ እንደነበር ቡላርድ ጽፏል። ልጆቹ ጨለማ ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ቁጭ አሉ። አባትየው ደግሞ ፈረንሳይ የሚባል አገር አለ፣ እዚያ ሰው በቀለሙ አይለይም ይላቸው ነበር። እውነት ነው ወይ የሚለውን በኋላ እመለስበታለሁ። ልጁ ግን አመነ። በዐሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ከቤት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተረት ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ፈረስ ከሚነግዱ የእንግሊዝ ጂፕሲዎች ጋር ጆርጂያን ዞረ። በ1912 ኖርፎክ ወደብ ላይ አንድ የጀርመን መርከብ ውስጥ ተደብቆ ገብቶ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ወረደ። ቦክስ ተማረ። በ1913 ፓሪስ ውስጥ ተጋጠመ፣ ከተማዋንም ወዶ እዚያው ቀረ። በማግስቱ ዓመት ጦርነቱ ሲጀመር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላው የውጭ አገር ሰዎችን በሚቀበለው በፈረንሳይ ሌዥዮን ተመዘገበ።

ቬርደን ላይ መቆም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ «ቬርደን ላይ ቆሰለ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ቬርደን በ1916 ለዐሥር ወር ያህል የሁለት አገር ወጣት የተፈጨበት ቦታ ነው። ቡላርድ 170ኛው እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ የመትረየስ ተኳሽ ነበር። ማርች ላይ ጭኑ ላይ ክፉኛ ቆሰለ። የጦር መስቀል ተሸለመ፤ ሐኪሞቹ ግን ወደ እግረኛ ጦር መመለሱን ተጠራጠሩ። ተጧሪ ሆኖ መቅረት ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም።

ሊዮን ሆስፒታል ካገገመ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ «አብራሪ እሆናለሁ» አለ። ከመሃላቸው አንዱ ነጭ የደቡብ አሜሪካ ሰው ነበር። ጥቁር አብራሪ? ሁለት ሺህ ዶላር አስይዞ ተወራረደው። በዚያን ጊዜ ሁለት ሺህ ዶላር ቀልድ አይደለም። እኔን የሚያስቀኝ ቡላርድ መወራረዱ አይደለም፤ ገንዘቡን በእርግጥም መብላቱ ነው።

የፈረንሳይ የበረራ ትምህርት በዚያን ጊዜ አንድ ደስ የሚል ዘዴ ነበረው። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ጀማሪው መጀመሪያ የሚሰጠው ክንፉ የተቆረጠ፣ ከመሬት መነሳት የማይችል አውሮፕላን ነው። «ፔንግዊን» ይሉታል። ሜዳው ላይ እየተንደረደረ ቀጥ ብሎ መሄድ እስኪችል ድረስ ክንፍ ያለው አይሰጠውም። ቡላርድ መጀመሪያ በተኳሽነት ወደ ካዞ ተላከ፤ ከዚያ ወደ አብራሪነት ተዛወረና ሜይ 5 ቀን 1917 የአብራሪነት ፈቃዱን አገኘ። ከማለዳው ጀምሮ ፓሪስ ጎዳና ላይ የደንብ ልብሱን ለብሶ እየተንጎራደደ ውርርዱን የሰበሰበበትን ቀን በዐይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ።

ግንባር ላይ ያበረረው ስፓድ 7 የሚባለውን ነው። አንድ ሰው ብቻ ይይዛል። በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ ሆኖ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ አንድ መትረየስ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መሃል እየሾለከ ይተኩሳል። ኮክፒቱ ክፍት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ፓራሹት የለም። አውሮፕላኑ ከተቃጠለ ያለህ ምርጫ አብሮ መቃጠል ወይም መዝለል ነው። ቡላርድ እዚህ ውስጥ ብቻውን አልገባም፤ ጂሚ የምትባል ጦጣ ገዝቶ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ይዟት ይወጣ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ጩቤ የተሰካበት ልብ አሥሏል፤ አጠገቡ የሚፈሰው ደም ሁሉ ቀይ ነው የሚል ጽፏል። ይህን ጽሑፍ ለጀርመኖቹ የጻፈው አይመስለኝም። ጀርመኖቹማ እየተኮሱ ነበር፣ ምን ጊዜ አግኝተው ያነባሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በኤፕሪል 1917 አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። አብራሪ አልነበራትም ማለት ይቀላል፤ ስለዚህ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ያሉትን አሜሪካዊ አብራሪዎች መሰብሰብ ጀመረች። ቡላርድም አመለከተ፣ ለሕክምና ምርመራ ቀረበ። እሱ ራሱ እንደተረከው ሐኪሞቹ እግርህ ጠፍጣፋ ነው አሉት፤ በዚህ እግር ግን ከእግረኛ ጦር ጋር ግማሽ ፈረንሳይን የረገጠ ሰው ነው። ቀጥለው ቶንሲልህ አሉት። በመጨረሻ ምርመራውን አለፈ፤ ጥሪው ግን አልመጣም። አብረውት ያመለከቱት ነጮች አንድ በአንድ የአሜሪካ መኮንን እየሆኑ ሄዱ፣ እሱ በፈረንሳይ ኮርፖራልነቱ ቀረ። ምክንያቱ ተደብቆ አያውቅም። የአሜሪካ ጦር ጥቁር አብራሪ አይቀበልም ነበር። ጥቁሮችን ለአብራሪነት ማሠልጠን የጀመረው በ1941፣ ተስኪጊ ላይ ነው።

ልብ በሉ፣ ሰውየው እንዲያሠለጥኑት አልጠየቀም፤ ሠልጥኖ፣ ሜዳሊያ ለብሶ፣ የሚበር አውሮፕላን ይዞ ነው የሄደው።

ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮቹም አወረዱት። ቡላርድ የሚለው ከአንድ የፈረንሳይ መኮንን ጋር በስድብ ተጣላሁ ነው፤ ቡጢውን ለማንሳት ደግሞ የሚያንገራግር ሰው አልነበረም። እንደገና ወደ 170ኛው እግረኛ ተመለሰ፣ ከውጊያ ውጭ ባለ ሥራ ላይ ተመድቦ ጦርነቱ አለቀ። እዚህ ላይ እኔና ቡላርድ እንለያያለን። እሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ፈረንሳይን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረባትም። እኔ ግን በዚያው ጦርነት የምዕራብ አፍሪካ ልጆች ከየመንደራቸው ተለቅመው ለዚያችው ፈረንሳይ መሞታቸውን መርሳት አልችልም። አባቱ የነገረው አገር ለአንድ ጥቁር ቦክሰኛ እውነት ነበር፤ ዳካር ላለው ጥቁር ግን ሌላ አገር ነው። ደግሞም እፈርዳለሁ እንጂ፣ ያን የሰው መንጋ ከደጃፉ ያየው እሱ ነው።

ታሪኩ ብቻውን እንዳይመስላችሁ። በ1921 ቤሲ ኮልማን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የአገሯ የበረራ ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ሲሏት ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ፈረንሳይ ሄዳ የአብራሪነት ፈቃድ ወሰደች። ከእሷ በኋላ የመጣውን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። ጆን ሮቢንሰን፣ በ1935 ጣልያን ልትወረን ስትዘጋጅ ከቺካጎ አዲስ አበባ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ የአየር ኃይል የመራው ኮሎኔል። በጦርነቱ ያበረራቸው አውሮፕላኖች መሣሪያ እንኳ አልታጠቁም። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አብራሪ አሠለጠነ፣ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበረ። ሦስቱም አብራሪ ለመሆን ወይም በአብራሪነታቸው ለማገልገል ባሕር መሻገር ነበረባቸው። አንድ ልጨምር፦ ቡላርድ በሚበርበት ዘመን በጣልያን በኩል ቦምብ ጣይ የሚያበር ዶሜኒኮ ሞንዴሊ የሚባል ጥቁር መኮንን ነበር። አሥመራ ሲወለድ ስሙ ወልደ ሥላሴ ነው፤ በሕፃንነቱ አንድ የጣልያን መኮንን ወስዶ አሳደገው። ፋሺስቶች ሲመጡ የእሱም ዕድገት ቆመ።

ቡላርድ ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ድራም ተማረ። ሞንማርትር ላይ ለ ግራን ዱክ የሚባለውን የጃዝ ቤት አስተዳደረ፣ በኋላም የራሱን ክለብ ከፈተ። በ1924 ሳህን ያጥብ የነበረው ወጣት በኋላ ታላቅ ገጣሚ የሆነው ላንግስተን ሂዩዝ ነው። ቡላርድ አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ልጆቹን እሱ አሳደገ። ሁለተኛው ጦርነት ሲቃረብ ክለቡ የሚመጡት ጀርመኖች አንድ የድራም መቺ ጥቁር ጀርመንኛ ይሰማል ብለው አልጠረጠሩም፤ የሚያወሩትን ለፈረንሳይ የስለላ ክፍል አቀበለ።

በጁን 1940፣ በአርባ አራት ዓመቱ፣ እንደገና ጠመንጃ ያዘ። የመድፍ ፍንዳታ ወርውሮት አከርካሪው ተጎዳ። ጀርመኖች ቢይዙት እንደማይተርፍ ያውቃል፤ እያነከሰ በእግርም በብስክሌትም ደቡብ ወረደ፣ በስፔን አድርጎ ሊዝበን ደረሰ፣ በመርከብ ኒውዮርክ ገባ። ከአገሩ በወጣ በ28 ዓመቱ መመለሱ ነው። ወደብ ላይ ተሸከመ፣ ሽቶ አዞረ፣ ዘበኛ ሆነ።

በሴፕቴምበር 1949 ኒውዮርክ አጠገብ ፒክስኪል በምትባል ከተማ ዘፋኙ ፖል ሮብሰን ኮንሰርት አዘጋጀ። ሮብሰን ኮሚኒስት ነው ብለው የተቆጡ ሰዎች ታዳሚውን አጠቁ። ቡላርድ ከታዳሚው አንዱ ነበር። መሬት ላይ ወድቆ በዱላ ሲደበደብ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ ከሚመቱት ውስጥ የፖሊስ ዩኒፎርም የለበሱም አሉ። በዚያ የተከሰሰ ሰው የለም። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። ቬርደን ላይ ያልገደሉትን ሰው እዚህ፣ ኮንሰርት ሊሰማ ሄዶ።

በ1954 የፈረንሳይ መንግሥት ጠራው። ከሁለት ፈረንሳዮች ጋር ሆኖ በአርክ ደ ትሪዮምፍ ሥር ያልታወቀው ወታደር መቃብር ላይ ያለውን መብራት አቀጣጠለ። ኦክቶበር 9 ቀን 1959፣ ስልሳ አራት ዓመት በሞላበት ዕለት፣ የሌዥዮን ዶነር ባላባት ተባለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሊፍቱ ተመለሰ። በሁለት ወሩ ነው እንግዲህ ኤንቢሲ ያቀረበው። ቀደም ብሎ እዚያው ሊፍት ውስጥ ምን ያህል የጣቢያው ሰው እየወጣ እየወረደ አልፎት እንደሚሆን አስቡት።

በ1961 በጨጓራ ካንሰር ሞተ። ኩዊንስ፣ ፍላሺንግ መቃብር ውስጥ የፈረንሳይ አርበኞች በተቀበሩበት ረድፍ፣ የሌዥዮን ደንብ ልብሱን ለብሶ ተቀበረ። በ1994 የአሜሪካ አየር ኃይል ማዕረግ ሰጠው፤ ካለፈበት የሕክምና ምርመራ 77 ዓመት፣ ከሞተ 33 ዓመት በኋላ። የሰጡት ማዕረግ ምክትል መቶ አለቃ ነው። በ1917 አብረውት አመልክተው ከተወሰዱት ነጮች ብዙዎቹ ሲገቡ የተሰጣቸው መቶ አለቃ ነበር።